ጥልቀቱ አነስተኛ በሆነ የግቢ ኩሬ ውስጥ የኮይ ዓሣን ጤና ስለመጠበቅ

የተከበራችሁ አድማጮች፣

ዛሬ የምናገረው ጥልቀታቸው ከ50 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር በሆኑ የግቢ ኩሬዎች ውስጥ ስለሚኖሩ ኮይ ዓሣዎች ጤና ነው። ስለ ኮይ አያያዝ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚመክሩት ጥልቀት 1.2 ሜትርና ከዚያ በላይ ሲሆን፣ እኔም ገና ሊቆፍር ለተነሣ ሰው የምሰጠው ምክር ከዚህ አይለይም፤ ቦታውና አቅሙ ያለው ሰው በጥልቀት ይቆፍር። ይሁን እንጂ ብዙ ኩሬዎች ኮይ ሳይታሰብ ለግቢ ውበት ብቻ የተሠሩ ናቸው፤ ሌሎቹ ደግሞ ከሥራቸው ዐለት ወይም የውሃ መስመር ስላለ ከዚያ በታች ሊቆፈሩ አልቻሉም። በእነዚህ ኩሬዎች ውስጥ ዓሣዎቹ አስቀድመው ገብተዋል። ስለዚህ ለባለቤቱ «ኩሬህ ለኮይ አይሆንም» ብሎ ከመመለስ ይልቅ ኩሬው ምን እንደሚጎድለውና ጉድለቱ በምን ሊሞላ እንደሚችል ማስረዳት ለዓሣዎቹ ይበጃል ብዬ አምናለሁ።

በእኔ እምነት ጥልቀት በሌለው ኩሬ ውስጥ ኮይን በዋናነት የሚጎዳው የቦታ ጥበት ሳይሆን የለውጥ ፍጥነት ነው። ብዙ ውሃ በቀን ፀሐይ ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ በሌሊት ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል፣ የገባበትን ቆሻሻም በብዙ ሊትር ውስጥ በትኖ ኃይሉን ያዳክመዋል። ጥቂት ውሃ ግን ጠዋት የነበረው ሌላ፣ ከሰዓት በኋላ የሚሆነው ሌላ ነው። ከዚህ በኋላ የማነሣቸው ነገሮች ሁሉ፣ ጥላውም ሆነ ማጣሪያው፣ የምግቡ ልክም ሆነ የውሃ ቅየራው፣ ይህን ለውጥ ለማዘግየት የሚደረጉ ናቸው።

ኮይ የካርፕ ዓሣ ነው። በጃፓን ኒጋታ ግዛት በሚገኙ ተራራማ መንደሮች የሚኖሩ ሩዝ አምራች ገበሬዎች ለምግብ ከሚያረቧቸው ካርፖች መካከል ቀለም ይዘው የሚወለዱትን እየለዩ ማራባት የጀመሩት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1914 በቶኪዮ በተካሄደው ኤግዚቢሽን ከቀረቡ በኋላ ደግሞ በአገሪቱ ሁሉ ታወቁ። ይህን የማነሣው ለታሪኩ ብቻ አይደለም። ካርፕ ብዙ የሚችል ዓሣ ነው፤ ከበረዶ በታችም ሆነ 30 ዲግሪ በሚጠጋ ውሃ ውስጥ በሕይወት ሊቆይ ይችላል። ብዙ ሰው ይህን ሰምቶ ዓሣው የሚችለውንና ዓሣው የሚስማማውን አንድ አድርጎ ያያል። የሚስማማው ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ የሆነ፣ ቶሎ ቶሎ የማይለዋወጥ ውሃ ነው። ከዚህ ውጭ ያለውን ሁሉ የሚችለው ለበሽታ የሚሆነውን የመከላከል አቅሙን እየከፈለ ነው።

ማንኛውም ውሳኔ የሚነሣው የኩሬውን መጠን ከማወቅ ነው። ርዝመቱን፣ ስፋቱንና አማካይ ጥልቀቱን በሜትር ለክታችሁ ካባዛችሁ በኋላ በ1000 ስታባዙት ሊትሩን ታገኛላችሁ። 3 ሜትር ርዝመት፣ 2 ሜትር ስፋትና 0.6 ሜትር ጥልቀት ያለው ኩሬ 3600 ሊትር ይይዛል ማለት ነው፤ ግድግዳው ወደ ውስጥ ያዘነበለ ወይም ድንጋይ የበዛበት ከሆነ ከዚህም ያነሰ ነው። ኮይ በጥሩ ሁኔታ ከተያዘ ከ60 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ሊደርስና ከ25 ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል። ለአንድ ያደገ ኮይ በትንሹ 1000 ሊትር ውሃ ይበቃዋል ብለን ብናስብ፣ ያ ኩሬ የሚሸከመው 3 ዓሣ ነው። የጣት ርዝመት ያላቸውን 15 ዓሣዎች ገዝቶ እዚያ ኩሬ ውስጥ መጨመር በመጀመሪያው ዓመት ምንም ችግር ላያሳይ ይችላል፤ ችግሩ የሚመጣው በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት ነው። «ዓሣ በኩሬው ልክ ያድጋል» የሚለውን አባባል ብዙዎች እንደ እውነት ይይዙታል። በጠባብ ውሃ ውስጥ ያለ ኮይ እድገቱ የሚገታው ውሃው ስለተበላሸበት ነው፤ ስለዚህ አለማደጉ በራሱ የጤና መጓደል ምልክት ነው።

አሁን ወደ ሙቀትና ወደ ኦክስጅን ልለፍ፤ በጥልቀት የለሽ ኩሬ ድንገተኛ ሞት የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከዚህ ነውና። ውሃ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። በባሕር ወለል ከፍታ ላይ 10 ዲግሪ የሆነ ውሃ በሊትር 11.3 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ሊይዝ ሲችል፣ በ20 ዲግሪ 9.1፣ በ30 ዲግሪ ደግሞ 7.6 ብቻ ይይዛል። በከፍታ ቦታ የአየር ግፊቱ ዝቅ ስለሚል መጠኑ ከዚህም ይወርዳል፤ በ2000 ሜትር ከፍታ ላይ አንድ አምስተኛ ያህሉ ይጎድላል። በተቃራኒው የዓሣው ሰውነት ውሃው በሞቀ ቁጥር የሚፈልገው ኦክስጅን ይጨምራል። ለኮይ ከ6 ሚሊ ግራም በታች እንዳይወርድ ማድረግ ይገባል፤ ከላይ የጠቀስኳቸው ቁጥሮች ደግሞ ውሃው መያዝ የሚችለውን ጣሪያ እንጂ በእውነት በኩሬው ውስጥ ያለውን እንደማያሳዩ አትርሱ።

በዚህ ላይ ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው ደቃቅ ዕፅ፣ አልጌ፣ የሚያመጣው ችግር ይጨመራል። ፀሐይ እስከ ወለሉ በሚደርስበት ኩሬ ውስጥ አልጌ በብዛት ይበቅላል፤ ቀን ኦክስጅን ያመነጫል፣ ሌሊት ግን እንደ ዓሣው ሁሉ ኦክስጅን ይስባል። ስለዚህ የኦክስጅን መጠን ዝቅተኛ የሚሆነው ከንጋት በፊት ባለው ሰዓት ነው። ዓሣዎቻችሁን በዚያ ሰዓት ሂዱና ተመልከቷቸው። ኦክስጅን ያጠረው ኮይ ወደ ውሃው ገጽ ወጥቶ አፉን ከውሃና ከአየር ወሰን ላይ አድርጎ ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ የሚተነፍስበት አካል፣ የስንጥቡ፣ ክዳን ከወትሮው ሰፍቶና ፈጥኖ ይንቀሳቀሳል፤ ሌሎቹ ውሃ በሚፈስበት ጥግ ተሰብስበው ራሳቸውን ወደ ፍሳሹ አዙረው ይቆማሉ፤ ትላልቆቹም ከትንንሾቹ ቀድመው ይጨነቃሉ። ረፋዱ ላይ የሚመጣ ሰው ይህን አያይም፤ በዚያን ጊዜ አልጌው ኦክስጅን ማምረት ጀምሯልና ዓሣዎቹ ደህና መስለው ይዋኛሉ። ብዙ ሰዎች ድምፁ እንዳይረብሻቸው ወይም መብራት ለመቆጠብ ፏፏቴውንና የአየር ፓምፑን ማታ ያጠፋሉ። ኩሬው አየር ከሁሉ ይበልጥ የሚፈልገው ግን በዚያው ሰዓት ስለሆነ፣ የግድ ማጥፋት ካለባችሁ ቀን አጥፉት እንጂ ማታ አታጥፉት።

ጥላ የዚህ ሁሉ ችግር ርካሽ መፍትሔ ነው። ከኩሬው ገጽ ቢያንስ ግማሹን በጥላ መረብ፣ በእንጨት ዳስ ወይም በተንሳፋፊ የውሃ ሊሊ ቅጠል መሸፈን ሙቀቱንም አልጌውንም በአንድ ጊዜ ይቀንሳል። ሊሊ ከሆነ ሥሩ በትላልቅ ድንጋዮች መታጠር አለበት፤ ኮይ መሬት የመቆፈር ልማድ ስላለው ተክሉን ከነአፈሩ ይገለብጠዋል። ዛፍ ሥር ያለ ኩሬም ጥላ አለው፤ ነገር ግን የሚረግፈው ቅጠል ወለሉ ላይ ሲበሰብስ የተገኘውን ጥቅም መልሶ ይወስደዋልና ቅጠሉ ሳይሰምጥ መለቀም አለበት። ኩሬው ጥልቀት ስለሌለው ረጅም እግር ያላቸው ዓሣ በል ወፎች በቀላሉ ገብተው ይቆሙበታል። ከላይ የሚዘረጋው መረብ እነሱንም ለመከላከል ይጠቅማል፤ በጎን በኩልም ዓሣው ከሥሩ ሊጠለልበት የሚችል ሰፊ የድንጋይ ጠርዝ ወይም ወፈር ያለ ቱቦ ማኖር ተገቢ ነው።

ከሁሉ ይበልጥ ጊዜ ልሰጠው የምፈልገው ስለ አሞኒያ ያለው ጉዳይ ነው። ኮይ ከበላው ፕሮቲን የሚተርፈውን ናይትሮጅን በአብዛኛው በስንጥቡ በኩል በአሞኒያ መልክ ወደ ውሃው ያስወጣል። 35 በመቶ ፕሮቲን ያለው 100 ግራም ምግብ ሲበላ 3 ግራም ያህል የአሞኒያ ናይትሮጅን ይወጣል። በዚያ 3600 ሊትር በሚይዘው ኩሬ ውስጥ በቀን 50 ግራም ምግብ ብትሰጡ፣ ማጣሪያው ምንም ሥራ ካልሠራ፣ በአንድ ቀን ብቻ በሊትር ከ0.4 ሚሊ ግራም በላይ ይጨመራል ማለት ነው። ያንኑ ምግብ በ10,000 ሊትር ኩሬ ውስጥ ብትሰጡ ጭማሪው ወደ 0.15 ይወርዳል። ምግብ ስትሰፍሩ የምትሰፍሩት አሞኒያም ነው።

አሞኒያ በውሃ ውስጥ በሁለት መልክ ይገኛል፤ አንደኛው አሞኒየም የሚባለውና ብዙም ጉዳት የሌለው፣ ሁለተኛው በስንጥብ በኩል ዘልቆ ዓሣውን የሚመርዘው ነጻ አሞኒያ ነው። የሁለቱን ድርሻ የሚወስኑት ፒኤች፣ ማለትም የውሃው አሲድነት ወይም አልካሊነት ልክ፣ እና ሙቀት ናቸው። በ25 ዲግሪ ሙቀት፣ ፒኤች 7 ሲሆን ነጻ አሞኒያው ከጠቅላላው ከ1 በመቶ በታች ነው፤ ፒኤች 8 ሲደርስ ወደ 5 በመቶ ይጠጋል፤ 9 ሲደርስ ከሦስት እጅ አንዱን ያልፋል። አልጌው በቀን ብርሃን ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከውሃው ሲስብ ፒኤች ከፍ ይላል፤ አረንጓዴ በሆነ ጥልቀት የለሽ ኩሬ ውስጥ ጠዋት 7.5 የነበረው ከሰዓት በኋላ 9 ቢደርስ የሚያስገርም አይደለም። የአሞኒያው ጠቅላላ መጠን ምንም ሳይጨምር፣ ማለዳ የማይጎዳ የነበረው ውሃ በ9 ሰዓት መርዝ ሆኖ ያመሻል። የተለመዱት የመመርመሪያ ኪቶች የሚያሳዩት ሁለቱን ደምረው ስለሆነ፣ ማለዳ ለክቶ «ውሃዬ ደህና ነው» ያለ ሰው ዓሣዎቹ ለምን ምግብ እንደጠሉ ላይገባው ይችላል። ስለዚህ ፒኤችን በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ፣ ማለዳና ከሰዓት በኋላ፣ እንድትለኩ አጥብቄ እመክራለሁ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ስለ ኩሬያችሁ ከማንኛውም ነጠላ ቁጥር ይበልጥ ይነግራችኋል።

ይህን መዋዠቅ የሚያረግበው ኬኤች እየተባለ የሚለካው በውሃው ውስጥ ያለ የካርቦኔት መጠን ነው። አሞኒያን የሚበሉት ባክቴሪያዎች ሥራቸውን ሲሠሩ ይህንኑ ካርቦኔት ይጨርሱታል፤ 1 ግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን ሲለወጥ በካልሲየም ካርቦኔት ሲሰላ 7 ግራም ያህሉ ይጠፋል። ሲያልቅ ፒኤች በድንገት ይወድቃል፣ ባክቴሪያዎቹም ሥራቸውን ያቆማሉ። ኬኤች በሊትር ከ100 ሚሊ ግራም በታች እንዳይወርድ መጠበቅ፣ ሲወርድም ለዳቦ መጋገሪያ የሚያገለግለውን ሶዲየም ባይካርቦኔት በጥቂት በጥቂቱ፣ በቀናት ልዩነት መጨመር ይቻላል። በአንድ ጊዜ ብዙ መጨመር ግን ዓሣው የሚፈራውን ድንገተኛ ለውጥ በገዛ እጅ ማምጣት ነው።

ማጣሪያው ቆሻሻ የሚይዝ ወንፊት ብቻ አይደለም። በውስጡ ባሉት ስፖንጅና መሰል ነገሮች ላይ የሚያድጉት ባክቴሪያዎች አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት ይለውጣሉ። አዲስ ማጣሪያ ይህን ለመቻል ከ4 እስከ 8 ሳምንት ይፈጅበታል፤ በዚያ ጊዜ ዓሣው ጥቂት፣ ምግቡም ጥቂት መሆን አለበት። ናይትራይት በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ክፍል ስለሚያሰናክል ውሃው በኦክስጅን የተሞላ ቢሆንም እንኳ ዓሣው ይታፈናል፤ ስንጥቡም ወደ ቡናማ ይለወጣል። በዚህ ጊዜ በሊትር 1 ግራም ንጹሕ ጨው መጨመር ናይትራይቱ በስንጥብ በኩል እንዳይገባ ይከላከላል። ጨው ከውሃው ጋር እንደማይተንና የሚወጣው ውሃ ሲቀየር ብቻ እንደሆነ አስታውሳችሁ የጨመራችሁትን መጻፍ አለባችሁ። ጥልቀት ለሌለው ኩሬ ፓምፑ ጠቅላላውን ውሃ በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት አንድ ጊዜ የሚያዞር፣ ማጣሪያውም አምራቹ ለዚያ የውሃ መጠን በቂ ነው ከሚለው ከፍ ያለ ቢሆን ይመረጣል። የማጣሪያው ስፖንጅ የሚታጠበው ከኩሬው በተቀዳ ውሃ ነው፤ በቧንቧ ውሃ ከታጠበ ክሎሪኑ ባክቴሪያዎቹን ይገድላቸዋል።

የውሃ ቅየራን በሚመለከት በየሳምንቱ ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሆነውን መቀየር በቂ ነው። በትነት የጎደለውን መሙላት ግን ቅየራ አይደለም፤ የሚተነው ውሃው ብቻ ስለሆነ ናይትሬቱና ማዕድናቱ ወደ ኋላ ይቀራሉ፣ ይጠራቀማሉም። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ካለው በክፍት በርሜል አድሮ ሊወጣለት ይችላል፤ ክሎራሚን የሚጨመርበት ከሆነ ግን በማሳደር አይወገድም፣ ለዚህ የተዘጋጀ ማርከሻ መጠቀም ያስፈልጋል። የውሃ ማስተላለፊያ ጎማውን ከፍቶ ኩሬው ውስጥ ጥሎ ወደ ሌላ ሥራ መሄድ የሚያስከትለው ጥፋት ከባድ ነው፤ በጥቂት ውሃ ላይ ያልተመጠነ የቧንቧ ውሃ ሲገባ ክሎሪኑም ቅዝቃዜውም በአንድ ላይ ይመታልና።

ስለ ምግብ ብዙ አልልም። ካርፕ ጨጓራ የለውም፤ የበላው በቀጥታ ወደ አንጀቱ ያልፋል፤ ስለዚህ በአንድ ጊዜ ብዙ ከመስጠት በትንሽ በትንሹ ደጋግሞ መስጠት ይሻላል፤ በ5 ደቂቃ ውስጥ ያልተበላውም መውጣት አለበት። ለመጠኑ የምትመሩት በቀን መቁጠሪያ ሳይሆን በውሃው ቴርሞሜትር ነው። ከ10 ዲግሪ በታች መመገብ ይቆማል፤ ከ10 እስከ 15 በቀላሉ የሚፈጭ፣ ፕሮቲኑ አነስ ያለ ምግብ በጥቂቱ ይሰጣል፤ ውሃው ከ28 ዲግሪ ሲያልፍ ዓሣው ቢለምናችሁም ቀንሱ። ውሃው በረዶ በሚሠራባቸው አካባቢዎች 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኩሬ ያለ ማሞቂያ ወይም ያለ ሽፋን ለኮይ አስተማማኝ መክረሚያ አይደለም። በረዶው ጋዝ መውጫ ቀዳዳ እንዲኖረው ሲደረግም በሙቅ ዕቃ ይቅለጥ እንጂ በመዶሻ አይሰበር፤ ድምፁ በውሃ ውስጥ ዓሣውን ይጎዳዋል።

በሽታን በተመለከተ፣ ዓሣው ከመታመሙ በፊት ጠባዩ ይለወጣል። ክንፎቹን ከሰውነቱ ጋር አጣብቆ ወለል ላይ የሚቆም፣ ጎኑን ከግድግዳው ጋር እየፈተገ የሚወረወር፣ ከመንጋው የተነጠለ ዓሣ የሆነ ነገር አለበት። ውሃው ጥልቀት የሌለው መሆኑ እዚህ ላይ ይረዳል፤ ዓሣዎቹን ከላይ ሆናችሁ በደንብ ማየት ትችላላችሁ። የጨው ፍሬ የሚያህሉ ነጫጭ ነጠብጣቦች የነጭ ነጥብ በሽታ ምልክት ናቸው። የዓሣ ቅማል የሚባለው ጥገኛ ተሕዋስ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር የሚደርስ፣ ጠፍጣፋና አሳላፊ ሰውነት ያለው፣ ሁለት ጥቁር ዓይኖቹ የሚታዩ ነው፤ በቅርፊቶቹ ላይ ሲንሸራተት ካላያችሁት በስተቀር ከዓሣው ቆዳ ለመለየት ያስቸግራል። መልሕቅ ትል የሚባለው ደግሞ ከቅርፊት ሥር እንደ ቀጭን ክር ተንጠልጥሎ ይታያል፤ የተሰካበትም ቦታ ይቀላል። በስንጥብና በቆዳ ላይ የሚኖሩት ደቃቅ ተሕዋስያን ግን ያለ ማይክሮስኮፕ አይታዩም፤ ስለዚህ የዓሣ ሐኪም ወይም ልምድ ያለው ሰው ሳያይ በግምት መድኃኒት መጨመር ተገቢ አይደለም። ሁልጊዜም መጀመሪያ የሚመረመረው ውሃው ነው። የመድኃኒት መጠን በሊትር ስለሚሰላ መጀመሪያ ያሰላችሁት የኩሬ መጠን ትክክል ካልሆነ ማከሚያው ራሱ ይገድላል፤ እንደ ፎርማሊን ያሉት ደግሞ ከውሃው ኦክስጅን ስለሚቀንሱ የአየር ፓምፑ በሙሉ አቅሙ እየሠራ ካልሆነ በቀር አይነኩም።

መድኃኒት የሌለው አንድ በሽታ አለ፤ እሱም የኮይ ሄርፐስ ቫይረስ ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ታውቆ በብዙ አገሮች የተሰራጨ ሲሆን፣ በተለይ ውሃው ከ16 እስከ 28 ዲግሪ ሲሆን ይነሣል፤ በኩሬው ካሉት አብዛኞቹን ሊጨርስ ይችላል፤ የተረፉትም ቫይረሱን ተሸክመው ሊኖሩ ይችላሉ። የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት ሪፖርት ከሚደረጉ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። በዚህ ምክንያት አዲስ ዓሣ ምንም ያህል ጤነኛ ቢመስል በቀጥታ ወደ ኩሬው መግባት የለበትም። የራሱ ማጣሪያና የራሱ መረብ ባለው ገንዳ ውስጥ፣ ከተቻለ 24 ዲግሪ በሆነ ውሃ፣ ቢያንስ ለ4 ሳምንት ተለይቶ ይቆይ። ሲገባም የመጣበት ፌስታል ለ20 ደቂቃ ያህል በውሃው ላይ ይንሳፈፍና ሙቀቱ ከተስተካከለ በኋላ ዓሣው ብቻ ይወሰድ፤ የመጣበት ውሃ ኩሬው ውስጥ አይፈሰስ።

በመጨረሻም፣ ኩሬያቸው የጠበባቸው ሰዎች አንዳንድ ጊዜ በርኅራኄ ተነሣሥተው ትልልቆቹን ዓሣዎች ወደ ወንዝ ወይም ወደ ሐይቅ መልቀቅ ያስባሉ። ካርፕ ከትውልድ ቦታው ውጭ በገባባቸው ብዙ አገሮች ወራሪ ዝርያ ሆኗል፤ ምግብ ሲፈልግ ወለሉን እየቆፈረ ውሃውን ያደፈርሳል፣ የውሃ ውስጥ ተክሎችን ይነቅላል፣ ለአገሬው ዓሣዎች የማያውቁትን በሽታ ይዞ ሊሄድ ይችላል። ለእንዲህ ዓይነቱ ዓሣ የሚፈለግለት ሰፊና ጥልቅ ኩሬ ያለው ሌላ ሰው ነው፤ ሲሰጥም ከዚህ በፊት ታሞ ከነበረ በምን እንደታመመና ምን እንደተደረገለት ለተቀባዩ በጽሑፍ ይሰጠው፤ ተቀባዩም እንደማንኛውም አዲስ ዓሣ ለ4 ሳምንት ለይቶ ያቆየው።